ኮምቦልቻ ያሠራሁት የብረት ኩብ

ሰሞኑን ቢሮዬ የገባ ሰው ሁሉ «ይህን ኩብ ማን ሠራልሽ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እዚህ ልመልስ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የብረት ኩብ የሠራልኝ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ብየዳ ቤት ነው። ታፔላ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው። በሩ ላይ በኖራ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ነበር፣ ግማሹን ዝናብ አጥቦታል። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዛችሁ «በር የሚሠሩት ሽማግሌ ጋ» ብትሉ ያደርሷችኋል።

የከፈልኩት 4,600 ብር ነው። ሁለት ሳምንት ብለውኝ አምስት ሳምንት ፈጀ። ያም ሆኖ ነገ ሌላ የብረት ሥራ ቢኖረኝ የምሄደው እዚያው ነው። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ኩቡ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። ትንሽ ፊዚክስ አለበት፣ ታገሡኝ።

ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ማግኔት በሆኑ ክሪስታሎች (አቶሞቻቸው በሥርዓት በተደረደሩ ጠጣር ነገሮች) ውስጥ ስለሚገቡ ባዕድ አቶሞች ነበር። ብረትን ውሰዱ። አቶሞቹ በዘፈቀደ የተከመሩ አይደሉም። ኩብ አስቡ፤ በስምንቱ ጥግ ስምንት አቶም፣ መሃሉ ላይ አንድ አቶም። የኩቡ ጎን 2.87 አንግስትሮም ነው። አንድ አንግስትሮም ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለአሥር ሚሊዮን ሲካፈል ነው። አሁን መሃል ያለውን የብረት አቶም አውጡና በቦታው ኢሪዲየም የሚባል ከባድ አቶም አስገቡ። እንግዳው መጣ ማለት ነው።

የእንግዳው አቶም ኒውክለስ (እምብርቱ) በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይሰማዋል። ይህ መለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ ግራዲየንት ይባላል። የሚሰማው ግን ኒውክለሱ ራሱ ድቡልቡል ካልሆነ፣ ትንሽ ከረዘመ ወይም ከተጨፈለቀ ነው። ግራዲየንቱን በሦስት አቅጣጫ እንለካዋለን፦ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት። የሦስቱ ድምር ሁልጊዜ ዜሮ ነው። በኩብ ውስጥ ደግሞ ሦስቱ አቅጣጫዎች አይለዩም፣ ስለዚህ ሦስቱም ቁጥሮች እኩል ናቸው። እኩል የሆኑ ሦስት ቁጥሮች ድምራቸው ዜሮ የሚሆነው እያንዳንዳቸው ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው። በቃ፣ ኩብ ውስጥ ግራዲየንት የለም።

ብረት ግን ማግኔት ነው። የኤሌክትሮኖቹ ስፒን (እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ) ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። ያንን አቅጣጫ በቀስት እንወክለዋለን። ቀስቱ ወደ ላይ ከጠቆመ «ላይ» ከ«ጎን» ተለየ። እኩልነቱ ፈረሰ። ትንሽ ግራዲየንት ብቅ ትላለች። ቀስቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስታዞሩት ግራዲየንቷም ትለወጣለች፤ አቅጣጫዋ ብቻ ሳይሆን መጠኗም ጭምር።

እዚህ ላይ ስደርስ ነው ተማሪዎቼ የሚቆሙት። ባለፈው ዓመት አንዷ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አቶሞቹ ንቅንቅ አላሉም። የዞረው ቀስቱ ብቻ ነው። ታዲያ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ምን ነክቶት ቅርጹን ይለውጣል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልሱ የስፒንና የምሕዋር ትስስር ነው። ስፒን ለብቻው ክሪስታሉ ኩብ ይሁን ሌላ አያውቅም። ቅርጽ ያለው የኤሌክትሮኑ ምሕዋር (በኒውክለሱ ዙሪያ የሚይዘው ስፍራ) ነው። ሁለቱን እንደ ክር የሚያገናኛቸው ትስስር አለ፤ ቀስቱ ሲዞር በዚያ ክር ምሕዋሩን ይጎትተዋል። ክሩ በቀላል አቶም ቀጭን ነው፣ በከባድ አቶም ወፍራም። ብረት 26 ፕሮቶን አለው፣ ኢሪዲየም 77። ተመራማሪዎች ይህን ነገር በብረትና በኒኬል ውስጥ እንደ ኢሪዲየም ያሉ ከባድ እንግዶችን አስገብተው የለኩት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ልኬት የተሠራው ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ነጥብ) በአንድ ዲግሪ ጥቂት መቶኛ ብቻ ከፍ ባለ የሙቀት መጠን ነው።

ይህን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስለው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የተሳለ ኩብ ሁሌም ያሳስታል። ተማሪው ቀስቱን በእጁ እንዲያዞረው ፈለግሁ።

መጀመሪያ ደሴ ውስጥ አንድ ቤት አሠራሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ጎኑ 40 ሳንቲም የሆነ ኩብ አዘዝኩ። መጥቼ ስለካው አንዱ ጎን 40፣ ሌላው 41 ተኩል። ከላይ ሲታይ ደግሞ ጋደል ብሏል። ስናገር «በዓይን አይታይም እኮ፣ ለጌጥ አይደል?» አሉኝ። ለጌጥ አይደለም። ኩቡ ራሱ ከተጣመመ ቀስቱ ሳይኖርም ሦስቱ አቅጣጫዎች ተለያይተዋል። ያኔ ለተማሪው ምኑን አሳየዋለሁ? በእውነተኛው ሙከራም እንዲሁ ነው። ክሪስታሉ ከተወጠረ ወይም ከእንግዳው አጠገብ አንድ አቶም ከጎደለ፣ ያ ጉድለት የራሱን ግራዲየንት ይፈጥራል። ቀስቱ የሚያመጣት ትንሿ ለውጥ ትዋጣለች። ቀብዴን ትቼ ወጣሁ።

የኮምቦልቻውን ቤት የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የቤቱን የግቢ በር እዚያ አሠርቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድኩ። ደሴ ጋቢ ለብሼ ተነስቼ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ጋሼ (ሁሉም እንዲህ ነው የሚላቸው) ስደርስ ሞርሳ ላይ ቱቦላሬ አስረው ይሞርዱ ነበር። ሥዕሌን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋ አልነበረም።

«ትክክል ኩብ ነው የምትፈልጊው ወይስ ኩብ መሳይ?»

«ትክክል ኩብ፣ ጋሼ። አንድ ሚሊ እንኳ ባይሳሳት ደስ ይለኛል።»

«አንድ ሚሊ አልምልልሽም። ሁለት እምልልሻለሁ። ብረት ሲበየድ ይስባል።»

እዚያው ነው ልቤ ያረፈው። ማድረግ የማይችሉትን አስቀድመው የነገሩኝ ባለሙያ እሳቸው ናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ስሄድ ጎኖቹ በነጥብ ብየዳ ተያይዘው ነበር፣ ገና አልጠነከሩም። ስኳድራ አስጠግተው እያንዳንዱን ጥግ አሳዩኝ። ከዚያ ከኪሳቸው የሲባጎ ክር አወጡ። ከአንድ ጥግ በኩቡ ሆድ አልፎ እስከ ተቃራኒው ጥግ ወጠሩት፣ ቋጠሮ አሠሩበት። ያንኑ ክር ወደ ሌሎቹ ሦስት ሰያፎች አዞሩት። በሦስቱ ቋጠሮው ልክ ጥጉ ላይ አረፈ። በአራተኛው የጣት ጥፍር ያህል አለፈ። ምንም ሳይናገሩ ጨርቅ ደርበው ጥጉን በመዶሻ ሁለቴ መቱት። እንደገና ወጠሩ። ገጠመ። እኔ በሜትር ለካሁት፦ 69.3 ሳንቲም። አርባን በሦስት ስኩዌር ሩት ብታባዙ የምታገኙት ይህንኑ ነው። ሒሳቡን አልነገርኳቸውም ነበር።

አሁን ስለ ቀስቱ። በእኔ ሥዕል ከመሃል ወደ ስምንቱ ጥጎች ስምንት ቀጭን ዘንጎች ነበሩ፣ መሃል ያለውን ኳስ እንዲሸከሙ። ቀስቱ ደግሞ በሁለት ኩሽኔታ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲዞር ነበር ያሰብኩት። ጋሼ ሥዕሉን ትንሽ አዩና «ቀስቱ ወዴት ወዴት ነው መጠቆም ያለበት?» አሉኝ። ሦስት አቅጣጫ ይበቃኛል አልኳቸው። አንዱ ወደ ላይኛው ፊት መሃል። ሁለተኛው ወደ ጥግ። ሦስተኛው ወደ ቋሚው ጠርዝ መሃል። እነዚህ ሦስቱ በእኛ ሙያ ስም አላቸው፤ 001፣ 111 እና 110 ይባላሉ።

ጋሼ ኩቡን በሁለት እጃቸው ያዙ። አንድ ካርቶን ቆርጠው ከአንድ ቋሚ ጠርዝ ወደ ፊት ለፊቱ ጠርዝ በሰያፍ አቆሙት። «ይኸው፣ ሦስቱም እዚህ ካርቶን ላይ ናቸው። አንድ ኩሽኔታ ይበቃሻል። ዘንጎቹን ደግሞ ተያቸው፤ ቀስቱ ወደ ጥግ ሲሄድ ይገጫል።»

ደነገጥኩ። ልክ ናቸው። ሦስቱም አቅጣጫዎች አንድ ሰያፍ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። በእኔ ማሟያ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ግራፍ ሁሉ ቀስቱን የሚያዞረው በዚያው ሜዳ ላይ ነው። ብረቱ ላይ ግን አልታየኝም ነበር። ስለዚህ ከሌሎቹ ሁለት ቋሚ ጠርዞች መሃል ለመሃል አንድ አግድም ዘንግ ተዘረጋ፣ 56.6 ሳንቲም። እንግዳውን ኳስ የሚሸከመው እሱ ነው፣ ቀስቱም የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ወጪዬም በ700 ብር ቀነሰ። ጭማሪ እንዲያስከፍሉኝ የሚያስችል ሥዕል ይዤ ሄጄ የሚቀንስ መንገድ ያሳዩኝ ሰው ናቸው።

አንድ ቦታ ተሳስተዋል፣ እሱንም ልናገር። ቀስቱ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በክብ ላሜራ ላይ ሲያስምሩ ለጥጉ 45 ዲግሪ ላይ ምልክት አደረጉ። ለበርና ለመስኮት ሥራ ሰያፍ ማለት 45 ነው፣ እጃቸው ለምዶታል። ቀስቱን እዚያ ስናቆመው ጥጉን ሳተው፤ ከፍ ብሎ ባዶ አየር ላይ ጠቆመ። ሜዳው ካሬ ስላልሆነ ነው አልኳቸው፤ ቁመቱ 40፣ ወርዱ 56.6 ነው። ከቀጥታው 54.7 ዲግሪ መውረድ አለበት። በቃል አልተቀበሉኝም። ያንን ክር ከኳሱ መሃል ወደ ጥጉ ወጠሩት፣ ላሜራውን አዩ፣ አዲስ ምልክት ቧጠጡ። ከዚያ «ወላሂ ልክ ነሽ» አሉ። አሮጌው የ45 ምልክት እስካሁን ላሜራው ላይ አለ። እንዲያጠፉት አልፈለግሁም። ለተማሪዎቼ አሳየዋለሁ።

ቀለም ላይ ሌላ ወሬ መጣ። ጫፉን ቀይ፣ ጭራውን ነጭ እንዲቀቡልኝ ነግሬ ነበር። ቀብተው ሲጨርሱ ምን እንደሚያሳይ ጠየቁኝ። ቀስቱ ተገልብጦ ቀዩ ወደ ታች ቢዞር ይህ ግራዲየንት አይለወጥም አልኳቸው። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ጫፍና ጭራ አይለይም። የሚያውቀው ቀስቱ የተኛበትን መስመር ብቻ ነው።

«ታዲያ ቀለሙን ለምን አስለፋሽኝ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ኒውክለሱ ሁለት ነገር ይሰማዋል አልኳቸው። አንደኛው በውስጡ የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክ ነው። እሱ በጣም ብርቱ ነው፤ በብረት ውስጥ ያለ የብረት ኒውክለስ 33 ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ያህል ይሰማዋል። ይህ መስክ ቀስቱ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። ሁለተኛው ግራዲየንቱ ነው፣ እሱ አይገለበጥም። ቀይና ነጩ ለመጀመሪያው፣ መስመሩ ለሁለተኛው። ሰዎች ሲለኩም የሚያዩት ይህንኑ ነው። ስፒኑ 3/2 የሆነ ኒውክለስ በመግነጢሳዊው መስክ ብቻ አንድ የሬዞናንስ መስመር (ለሬዲዮ ሞገድ ምላሽ የሚሰጥበት አንድ ድግግሞሽ) ይሰጣል። ግራዲየንቷ ስትጨመር መስመሩ ሦስት ይሆናል። በሦስቱ መካከል ያለው ክፍተት የግራዲየንቷን ልክ ይናገራል። ጋሼ አዳምጠውኝ ሲጨርሱ «እሺ፣ ነጩን ድርብ ልቀባው» አሉ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ክፍል ቀለበቶቹ ናቸው። ኳሱ ላይ በብሎን የሚታሰሩ ሦስት የሽቦ እንቁላሎች አሠራሁ። የእንግዳው የኤሌክትሮን ዳመና ምን ያህል ከክብነት እንደራቀ ያሳያሉ። እርግጥ በጣም ተጋንነዋል፣ እውነተኛው በዓይን የሚለይ አይደለም። አንዱ እንቁላል ቢበቃ ኖሮ ቀስቱ ሲዞር አብሮት ይዞር ነበር፣ ጉዳዩም ያልቅ ነበር። ክሪስታል ባይኖር እንደዚያ ነው የሚሆነው። ክሪስታሉ ግን አለ። ቀስቱ ወደ ፊቱ መሃል ሲጠቁም የሚወጣው ግራዲየንት በአንድ ቁጥር ይወሰናል፣ ወደ ጥግ ሲጠቁም ደግሞ በሌላ ቁጥር። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የመሆን ግዴታ የለባቸውም። በሁለቱም አቅጣጫ እንቁላሉ ወገቡ ክብ ነው፣ ርዝመቱ ግን ይለያል። ወደ ጠርዝ መሃል ሲጠቁም ሁለቱ ቁጥሮች ይቀላቀላሉ። ያኔ ወገቡም ክብ መሆኑ ይቀራል፣ ጠፍጠፍ ይላል።

ጋሼ ሦስቱን ቀለበቶች ከአንድ ዓይነት ሽቦ አጠፉ። የመጀመሪያው 12 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 9። ሦስተኛውን ለማጠፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ወገቡን በአንድ በኩል ብቻ ጫን ማለት ነበረባቸው፣ ሽቦው ደግሞ እየተመለሰ አስቸገረ። በመጨረሻ በሞርሳው ከንፈር መሃል አስገብተው ቀስ እያሉ አጠበቡት። ሲያወጡት በብርሃን አሳልፈው አዩት፣ ቡናው እየቀረበ ነበር፣ ሲኒውን እንኳ አልነኩም። ያንን ቀለበት በእጄ ስይዘው ሦስት ዓመት በጠመኔ ያልቻልኩት ነገር መዳፌ ላይ ነበር። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ችግሮቹን አልደብቅም። ቀጠሮ አያከብሩም። ሁለት ሳምንት ሲሉ አምስት ብላችሁ ቁጠሩ። መብራት ይጠፋል፣ ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም፣ ግን ጄኔሬተር የላቸውም፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ስልክ ደግሞ ግራይንደር እየጮኸ አይሰማቸውም፤ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም በምሳ ሰዓት ሞክሩ። ደረሰኝ የለም፤ በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ለምታሠሩ ይህ ከባድ ነው። እኔ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። አንቲረስቱ ጥሩ ነው፣ ላይኛው ቀለም ግን ሳይደርቅ ስለሰጡኝ ሁለት ኳስ ላይ ተላጠ። ቀስቱም መጀመሪያ ላይ ኩሽኔታው ልል ስለነበር በጫፉ ክብደት ወደ ታች ይወድቅ ነበር። ይህንን ስነግራቸው «አብሽሪ» ብለው ሮንዴላ ጨምረው ዳዶውን አጠበቁት። አሁን ባቆሙት ቦታ ይቆማል። ለማስተካከያው አልተከፈሉም።

ሥራው ሲያልቅ ኩቡን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እስከ ሐረጎ ዝም ብለው አዩትና «የኔ ልጅ፣ አዲስ ዓይነት ረከቦት ነው?» አሉኝ። አይደለም፣ ብረት በውስጡ እንዲህ ነው አልኳቸው። ቀስቱን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ይሄስ?» አሉ። ማግኔት የሚሆንበት አቅጣጫ ነው አልኩ። እስከ ደሴ ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ነበር፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ቆም ያደርጉታል።

ክፍል ውስጥ አራት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ያቺ ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ቀስቱን ከላይ ወደ ጥግ አዞረችው፣ ቀለበቱን ፈታች፣ ሁለተኛውን አሰረች። ከዚያ ወደ ጠርዙ ወሰደችው። ሦስተኛውን ቀለበት ስታነሳ ቆመች። «መምህር፣ ይሄ እኮ ከሁለቱ የተሠራ ነው» አለች። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ራሷ አስልታ ነው ያረጋገጠችው።

አሁን ሁለተኛ ኩብ አዝዣለሁ፣ የኒኬል። ኒኬል ሲዋቀር ከብረት ይለያል፣ ራሱን ከተውነው ቀስቱ የሚወደው አቅጣጫም ወደ ጥግ ነው፤ በብረት ወደ ፊቱ መሃል ነበር። እንግዳውን መሃል ካስቀመጥነው ጎረቤቶቹ 12 ናቸው፣ በየጠርዙ መሃል አንድ አንድ። ጥጎቹ ባዶ ይቀራሉ። ጋሼ ሥዕሉን አይተው «ዘንጉን የምንተክልበት ቦታ ላይ እኮ ኳስ አለ» አሉኝ። ኳሱን በስተው ዘንጉን በውስጡ ሊያሳልፉት ነው። ቀብድ 1,500 ብር ከፍያለሁ። ሦስት ሳምንት ብለውኛል።